የአገር ፍቅርን ቴአትር ቤት ስለ መጎብኘታችን

በአዲስ አበባ ከተማ የሚመላለስ ሰው በየቀኑ እጅግ ብዙ ቤት እያየ ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ ካየው አብዛኛውን አያስታውሰውም። ቤት ግን እንደ ሰው ነው። ሰውን በቁመቱና በልብሱ ብቻ አይተን ማንነቱን ልናውቅ እንደማንችል፣ ቤትንም በግንቡ ከፍታና በመስኮቱ ብዛት ብቻ አይተን ዋጋውን ልንገምት አይገባንም። ማን ሠራው? ማን ገባበት? በውስጡስ ምን ተነገረበት? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ ያለውን የአገር ፍቅር ቴአትር ቤት ለመጎብኘት ሄድን። ያየነውንና የሰማነውንም ለዚህ ገጽ አንባቢዎች፣ ይልቁንም ልጆች ለሚያሳድጉ እናቶችና አባቶች፣ ልናካፍል ወደድን።

ከእኛ ጋራ አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ እንደ ዘመኑ ልጆች ሁሉ ዘፈንንና ጨዋታን የሚያውቀው በቴሌቪዥንና በእጅ በሚያዘው ስልክ ነው። ሰው በሰው ፊት ቆሞ ሲጫወት፣ ተጫዋቹም የተመልካቹን ፊት እያየ ድምፁን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ አይቶ አያውቅም። ወደ ቴአትር ቤት እንደምንሄድ በነገርነው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን «ምን ያህል ትልቅ ነው?» ብሎ ነው። እኛም «ሄደህ በዐይንህ ታየዋለህ» ብለን ዝም አልነው።

መንገዳችንን የጀመርነው ከብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ሥር ነው። ይህንም ያደረግነው አስበንበት ነው፤ የምንጎበኘው ቤት የቆመለትን ነገር ከዚህ ሐውልት የበለጠ የሚያስረዳ የለምና። ብፁዕነታቸው አርበኞችን እንዲያወግዙ ጠላት ቢጠይቃቸው እምቢ ብለው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ በአደባባይ በጥይት ተገድለዋል። ከዚያ ጥቂት እንደ ሄድን በፈረስ ላይ የተቀመጠውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት አገኘን። ይህ ሐውልት ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው። ጠላት ከተማውን ከያዘ በኋላ ግን የዐድዋን ድል የሚያስታውስ ሆኖ ስላስጨነቀው በሌሊት አስነሥቶ ደበቀው፤ ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ከተደበቀበት ወጥቶ እንደ ገና በስፍራው ቆመ። በአጠገቡ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በየካቲት 1929 ዓ.ም. በእልቂቱ ቀን በእሳት ተቃጥሎ በኋላ የታደሰ ነው። እንግዲህ በዚህ በአራዳ የሚራመድ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ እግሩ የሚያርፈው ብዙ ኀዘንና ብዙ ትንሣኤ ባለበት መሬት ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል። የመንገድ መስፋት ለእግረኛም ለባለ መኪናም የሚጠቅም መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን አሮጌ ቤት በፈረሰ ቍጥር፣ በግድግዳው ሳይሆን በሰው ልብ ውስጥ የተጻፈ ታሪክ ካልተነገረ፣ እርሱም አብሮ ይፈርሳል። ስለዚህ የቆመውን ሳለ ማየት፣ የሚያውቁትንም በሕይወት ሳሉ መጠየቅ የሚገባ ነው ስንል ይህን እየተነጋገርን ከቤቱ ደጃፍ ደረስን። ልጁም ቀና ብሎ አየና «ይኸ ነው?» አለን። ድምፁ ቅር እንዳለው ያስታውቅ ነበር። በእውነቱ ከውጭ ለሚያየው ሰው የአገር ፍቅር ቤት ከከተማው ታላላቅ ሕንጻዎች ጋራ የሚቈጠር አይደለም። ስሙ ከቤቱ ይበልጣል።

ታዲያ ይህ ስም ከየት መጣ? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ቴአትር የሚባለው ቃል ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ማያ ስፍራ ማለት ነው። ቃሉ ከውጭ ይምጣ እንጂ ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቱ በከበሮና በጸናጽል የሚያሸበሽቡት፣ የቅኔ መምህራን በአንድ ቃል ሁለት ነገር የሚሰውሩበት ጥበብ፣ በግብር አዳራሽ አዝማሪው በመሰንቆ እያዋዛ የሚያመሰግንበትና የሚወጋበት፣ በዘመቻ ዋዜማ ጀግናው የሚፎክርበት ሥርዓት ሁሉ የአገራችን ማያ ስፍራ ነበር። ሆኖም ሰዎች የሌላውን ሰው መልክና ጠባይ ለብሰው፣ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በንግግር እያስኬዱ በመድረክ የሚያሳዩት የዛሬው ዐይነት ቴአትር የመጣው በሃያኛው ምዕት ዓመት ነው።

በዚህ ረገድ ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በሩሲያ አገር ተምረው የተመለሱ፣ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቫም በዓለም መንግሥታት ማኅበር ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱ ናቸው። ከ1920 ዓ.ም. አስቀድሞ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚባል የቴአትር ድርሰት ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። አውሬዎች እንደ ሰው የሚናገሩበት ይህ ጨዋታ የዘመኑን አስተዳደር የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ቴአትርም ለጥቂት ዓመታት ጸጥ አለ። ቈይቶ ግን በትምህርት ቤቶች እንደ ገና ነቃ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና አቶ መላኩ በጎሰው የሚባሉት መምህራን ለተማሪዎቻቸው ድርሰት እየጻፉ ያስጠኑና ያሳዩ ጀመር። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ የተወለዱ፣ በቅኔ የበሰሉ ሊቅ ሲሆኑ፣ በ1923 ዓ.ም. ለዘውዱ በዓል የተዘመረውን የኢትዮጵያን ሕዝብ መዝሙር ግጥም የደረሱ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ የቴአትር ጥበብ በአገራችን ያደገው ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ በትምህርት ቤት በኩል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከሆነ በኋላ፣ ኢጣልያ ኢትዮጵያን ልትወጋ እንደ ተዘጋጀች ለማንም ግልጽ ሆነ። መንግሥት ጠመንጃ ይፈልግ ነበር፤ ጠመንጃው ግን በቀላሉ የሚገኝ አልሆነም። ያን ጊዜ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ ከጠመንጃ አስቀድሞ ልብ ሊታጠቅ ይገባዋል የሚል አሳብ አድሮባቸው፣ በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አገር ፍቅር ማኅበር እንዲቋቋም አደረጉ። ማኅበሩ በዚያ ጊዜ ቴአትር ቤት አልነበረም። ሕዝቡን በአራዳ አደባባይ እየሰበሰቡ በንግግር፣ በግጥምና በዘፈን ስለ አገሩ የሚያነቃቁበት ጉባኤ ነበር። አዝማሪውም ከባለ ጠጋ አዳራሽ ወጥቶ፣ በጌታው ስም ሳይሆን በአገሩ ስም ለሕዝብ የዘፈነው በእንዲህ ያለው ጉባኤ ነው።

ነገር ግን ጊዜው እጅግ አጭር ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወሰን ተሻግሮ ገባ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ያዘ፤ ማኅበሩም ተበተነ። ከአባሎቹ የተሰደደው ተሰደደ፣ የቀረውም ተሰወረ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔም ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

አሁን የምንነግራችሁን ነገር አንባቢ ሆይ በጥንቃቄ አስቡት። ዛሬ የአገር ፍቅር ቴአትር የሚባለው ቤት በዚያ በአምስቱ ዓመት የወራሪዎቹ መዝናኛ ነበረ። ጠላት በ1929 ዓ.ም. ጥቍሩን ከነጩ የሚለይ ሕግ ማውጣት ጀምሮ ነበርና፣ በእንዲህ ያለው ቤት የአገሩ ሰው እንደ ተጋባዥ ገብቶ ይቀመጣል ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም። የከተማው ሕዝብ ዘመዱን ሲቀብርና የታሰረበትን ሲፈልግ ሳለ፣ በዚህ አዳራሽ የሌላ አገር ሰዎች ይጠጡና ይጨፍሩ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመለሱ፤ በ1934 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር እንደ ገና ተቋቋመ፤ ከጊዜ በኋላም ማደሪያ አድርጎ የያዘው ይህንኑ የጠላት መዝናኛ ነው። ቤቱን አላፈረሱትም፤ አላቃጠሉትም፤ ገቡበት እንጂ። አገር ሊወስድ የመጣ ሰው የተደሰተበት ቤት የአገር ፍቅር የሚዘመርበት ሆነ። ከዚህ የበለጠ ቴአትር በየትኛውም መድረክ ታይቶ እንደ ሆነ አናውቅም።

ይህን ለልጁ እየነገርነው ወደ ውስጥ ገባን። ቤቱ ከዘመን ወደ ዘመን ተጠግኖ እዚህ ደርሷል። አዳራሹ ዛሬ በከተማው ከሚሠሩት ትላልቅ አዳራሾች ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ትንሽ በመሆኑም መድረኩና ተመልካቹ ይቀራረባሉ፤ ተጫዋቹ ሲተነፍስ ይሰማል፤ ተመልካቹም ሲስቅ ወይም ሲያዝን ከመድረኩ ይታያል። በዚያ ሰዓት ሕዝብ አልገባም ነበር፤ ጥቂት ወጣቶች ብቻ ለልምምድ ተሰብስበዋል። አንዱ መሰንቆ ይገዘግዝ ነበር። ልጁ መሰንቆው አንድ አውታር ብቻ እንዳለው ባየ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ድምፅ ከአንድ የፈረስ ጭራ እንዴት እንደሚወጣ እየተደነቀ ወደ መድረኩ ተጠጋ። ወጣቱም አንዱን ዜማ ሦስት አራት ጊዜ እየደጋገመ፣ በሳተ ቍጥር ከመጀመሪያው እየጀመረ፣ በትዕግሥት ይለማመድ ነበር።

በኋለኛው ወንበር ላይ አንድ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። እጅ ነሥተን አጠገባቸው ተቀመጥንና ከቤቱ ሠራተኞች አንዱ እንደ ሆኑ ጠየቅናቸው። «ኧረ አይደለሁም ልጆቼ፤ እኔ ሰሚ ነኝ» አሉን። ጨዋታውም በዚሁ ተጀመረ።

አዛውንቱ እንደ ነገሩን፣ ወደዚህ ቤት መጀመሪያ የመጡት ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ በአባታቸው እጅ ተይዘው ነው። አባታቸው በአምስቱ ዓመት በዱር የቈዩ አርበኛ ነበሩ። ዝም ያሉ፣ ስለ ጦርነቱ በቤታቸው የማይናገሩ፣ ልጆቻቸውም ፈርተው የማይጠይቋቸው ሰው ነበሩ። በዚያ ቀን ግን መሰንቆውና ክራሩ ተነሥቶ በጦርነቱ ስለ ወደቁት ሰዎች በተዘፈነ ጊዜ፣ ልጁ ቀና ብሎ ቢያይ የአባቱ ጕንጭ በእንባ ርሶ አገኘው። «አባቴ በሰው ፊት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በቤታችን ያልተነገረውን ሁሉ ያን ቀን ሰማሁት» አሉን።

በዚያ ዘመን በዚህ ቤት ይታይ የነበረው ጨዋታ አንድ ዐይነት አልነበረም። በአንድ ምሽት ዘፈንም፣ የየአውራጃው ጭፈራም፣ የሚያስቅ አጭር ጨዋታም፣ ረዘም ያለ ቴአትርም ተከታትሎ ይቀርብ ነበር። መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አስቀድመው በመድረኩ ነገሡ፤ ቈይተውም የውጭ አገር የሙዚቃ መሣሪያዎች ተጨመሩ። እንደ እነ አቶ ኢዩኤል ዮሐንስና አቶ ማቴዎስ በቀለ ያሉት ደራሲዎች ለመድረኩ ብዙ ድርሰት ጻፉ። በአኮርዲዮኑ የታወቀው ፍሬው ኃይሉም በዚሁ ቤት የተሰማ ነው። የማኅበሩ ተጫዋቾች በአዲስ አበባ ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየወጡ ለሕዝብና ለትምህርት ቤቶች ያሳዩ ነበር። እንዲህም በመሆኑ የወለጋን ዜማ የጎጃም ሰው፣ የትግራይን ጭፈራ የሸዋ ሰው በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ለማየት ቻለ። የአገር ፍቅር የሚባለው ነገርም ከሁሉ አስቀድሞ አገርን በማወቅ የሚጀምር ነው።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ በመድረክ መቆም ክብር አልነበረም። አንባቢዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ሕዝቡ ዘፈኑን እየወደደ ዘፋኙን ይንቅ ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ለሙያተኛው መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ እንደ ስድብ ይወረወር ነበር። ከዚህ የተነሣ ልጄ በመድረክ ትቁም የሚል ቤተ ሰብ በመታጣቱ፣ በመጀመሪያው ጊዜ የሴቶቹን ስፍራ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። በኋላ ይህን ልማድ ደፍረው ከሰበሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። እርሳቸውም በቴአትር ተጫዋችነታቸውና በክራር አጨዋወታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። አንዲት ሴት በዚያ ዘመን ወደ መድረክ ስትወጣ የምትሻገረው ሦስት አራት ደረጃ ብቻ አልነበረም፤ የቤተ ዘመዱን ቍጣ፣ የጎረቤቱን ሐሜት፣ የወደፊት ትዳሯንም ሥጋት ጭምር ነበር እንጂ።

ከዚህ ጋራ የጥላሁን ገሠሠ ነገር ይነሣል። ጥላሁን ልጅነቱን ያሳለፈው ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በወሊሶ ነው። የአገር ፍቅር ተጫዋቾች ወደሚማርበት ትምህርት ቤት ሄደው ባሳዩ ጊዜ ልቡ ተነካ። ዘመዶቹ ትምህርቱን እንዲከታተል ይሹ ነበር፤ እርሱ ግን ኮብልሎ ወደ አዲስ አበባ መጣና በዚህ ቤት ተቀጠረ። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛውሮ በመላው አገር ታወቀ። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ ሕዝቡ በአደባባይ ወጥቶ በእንባ ሸኘው። ዘመድ የፈራለት ሥራ አገር ያለቀሰለት ሥራ ሆነ። እንዲህ ያለ ለውጥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መታየቱ የሚያስደንቅ ነው።

ይህን ስንናገር አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ጥቂት ዝም ብለው ቈዩ። ከዚያም በቀስታ፣ «እኔም ልመጣ ነበር» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት በሆናቸው ጊዜ ድምፃቸው ያማረ ስለ ነበረ፣ ወደዚህ ቤት መጥተው ይፈተኑ ዘንድ ፈለጉ። አባታቸውንም ፈቃድ ጠየቁ። እኒያ በዚህ አዳራሽ ያለቀሱት አባት ግን «ልጄ በሰው ፊት አይዘፍንም» ብለው ከለከሏቸው። አዛውንቱም ታዘዙ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጡ። «አባቴን አልወቅሳቸውም፤ የዘመኑ ልማድ ነው። ዳሩ ግን ያን ቀን ያስለቀሳቸው ዘፋኝ የማን ልጅ ነበር? እርሱም አባት ነበረው። ያ አባት እንደ አባቴ ቢከለክል ኖሮ አባቴ በምን ያለቅሱ ነበር?» አሉን። እኛም የምንመልሰው ቃል አላገኘንም። መሰንቆው ብቻ ያችኑ ዜማ ይደጋግም ነበር።

የዚህን ቤት ታላቅነት የተረዳነው በዚያች ሰዓት ነው። ቤቱ ጠላት የተዝናናበት ትንሽ አዳራሽ ነው። ታላቅ ያደረጉት ግን ክብራቸውን ከፍለው የገቡበት ሰዎች ናቸው። አርበኛው በዱር ሕይወቱን አቀረበ፤ ዘፋኙና ተጫዋቹም በዚህ መድረክ ስማቸውን አቀረቡ። ለአርበኛው ሐውልት ቆመለት፤ ይህም የሚገባው ነው። ለነዚህ ግን ሐውልታቸው ይህ ቤት ነው። መሥራቹ አቶ መኰንን ሀብተ ወልድም በኋላ በሚኒስትርነት ብዙ ዘመን ካገለገሉ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ጊዜ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. ከዚህ የሚበልጠው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፍቷል። ከዚያም ወዲህ ነገሥታትና መንግሥታት ተለዋውጠዋል። ይህ ቤት ግን ስሙን ሳይለውጥ ከዘጠና ዓመት ለዘለቀው ማኅበር መጠሪያ ሆኖ ኖሯል።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ። በዚህ መድረክ በመጀመሪያው ዘመን ከታዩት ድርሰቶች ብዙዎቹ በማተሚያ ቤት አልታተሙም፤ ከዘፈኖቹም ብዙዎቹ በሸክላ አልተቀረጹም። በአየር ላይ ተነግረው በአየር ላይ ቀሩ። የቀረው በሰሚዎቹ ልብ ያለው ነው። ሰሚዎቹ ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ይሄዳሉ። በቤተ ክርስቲያን ያለው የቅኔና የዜማ ትምህርት ይህን ያህል ዘመን የኖረው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከቃል ወደ ቃል ስለ ተላለፈ ነው። የቴአትር ቤት ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤት የለውም። ጉባኤ ቤቱ የያንዳንዳችን ቤት ሊሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ለቤተ ሰቦች ሦስት ነገር እንመክራለን። ፊተኛው፣ ልጆቻችሁን ወደ ቴአትር ቤት ውሰዷቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ጨዋታው ለልጅ የሚስማማ መሆኑን ጠይቁ፤ በጊዜም ድረሱ፤ መጋረጃው ከተከፈተ በኋላ ገብቶ ሰውን እያስነሡ መቀመጥ ነውር ነውና። በአዳራሹ ውስጥ ስልክን ዘግቶ ዝም ማለትም ተጫዋቹን ማክበር መሆኑን አስተምሯቸው። ሁለተኛው፣ አያቶቻቸውን ጠይቁላቸው። «በልጅነትዎ ምን ይዘፈን ነበር? መጀመሪያ ያዩት ቴአትር ምን ነበር? ከማን ጋራ ሄዱ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ የሰማችሁትን በደብተር ጻፉት፤ ወይም በስልኩ ድምፃቸውን ቅረጹት። የሚያዘናጋ ነው እያልን የምንወቅሰው ስልክ ለዚህ መልካም መሣሪያ ይሆናል። ሦስተኛው፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ወይም አንዲቱ ወደ ጥበብ ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ትምህርቱን እንዳይተው እየመከራችሁ፣ ሙያውን ግን አትናቁበት። ዘፈኑን የምንወድ ከሆንን ዘፋኙንም እንደ ልጃችን ልናከብር ይገባናል።

ወደ ማታ ልንሄድ በተነሣን ጊዜ አዛውንቱ ልጁን ወደ እርሳቸው ጠሩና ራሱን ዳብሰው «እደግ ልጄ፤ አገርህን ያሳድግልህ» ብለው መረቁት። እርሱም እንዳስተማሩት ጕልበታቸውን ስሞ ተሰናበተ። ከደጃፉ ወጥተን በአራዳ መብራቱ እየበራ ሳለ ስንራመድ፣ ልጁ ስለ ቤቱ ትልቅነትና ትንሽነት ደግሞ አልጠየቀንም። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ እጃችንን ጐተት አድርጎ፣ «አባባ ዘፋኝ ቢሆኑ ኖሮ ምን ይዘፍኑ ነበር?» አለን።

«ያን አልጠየቅናቸውም» አልነው።

«እንግዲያስ ቅዳሜ እንመለስና እንጠይቃቸው» አለ።

እኛም እንመለሳለን ብለን ቃል ሰጥተነዋል። አንባቢዎቻችንም ከቤታችሁ ያሉትን አዛውንት ቅዳሜ ሳይመጣ እንድትጠይቁ አደራ እንላለን።